ሠላሳ ስድስቱ ክሬዲቶች ወንዝ እንዴት እንደተሻገሩ

የምተርከውን የሚጠራጠር ሰው ካለ ደግ አደረገ። እኔም በዚያው ወግ ያደግኩ ነኝና እሱን መጠርጠሬ አይቀርም። እንዲህ ከተዋወቅን ዘንድ ወደ ነገሩ ልግባ።

በአገራችን ሁለት ከተሞች አሉ፤ በመካከላቸው ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ ስም አያጣም፤ ነገር ግን የላይኞቹ የሚጠሩበትን ስም የታችኞቹ አያምኑትም፣ የታችኞቹ የሚጠሩበትንም የላይኞቹ አያምኑትም፤ ስለዚህ በመንግሥት ጽሑፍ ሁሉ «ውሃው» ተብሎ ይታለፋል። እያንዳንዱ ከተማ አንድ አንድ ዩኒቨርሲቲ አለው። እኔ ድረስ እባላለሁ፤ የታችኛው ዩኒቨርሲቲ በር ዘበኛ ነበርኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።

ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ነገር ካልነገርኩ ቀሪው አይገባም። በእኛ ዘንድ ማናቸውም መሥሪያ ቤት ጠርጣሪ አለው። ጠርጣሪ ማለት ሥራው መጠርጠር የሆነ ሹም ነው። ባለጉዳይ ሲገባ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥና በመስታወት ያየዋል፤ ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ይታለላል ስለሚባል። ከጎኑ እሱን የሚጠረጥር ሁለተኛ ጠርጣሪ አለ፤ ከሁለተኛው ጎን ደግሞ ሦስተኛ። ሦስተኛው ከጎኑ ሰው ስለሌለ ግድግዳውን ይጠረጥራል። ምሳ ሲበሉ እንኳ ሳህን ተለዋውጠው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው አገር ለጨዋታ ይተርተው ይሆናል፤ እኛ ግን ደንብ አድርገነው ከየበሩ በላይ ጽፈነዋል።

የዩኒቨርሲቲያችን ዋና ደንብ ደግሞ ይህ ነበር፦ ዕውቀት የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው። ተማሪ የሚወስደው በውሰት ነው፤ ብርድ ልብስና አልጋ እንደሚዋስ ማለት ነው። ሲሄድ ብርድ ልብሱን ይመልሳል፣ አልጋውን ይመልሳል፣ የተማረውን ይመልሳል። የእኔ ሥራ በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ራስ በሽመሌ ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ ነበር። ዕውቀት የያዘ ራስ እንደ ሞላ ቅል የታፈነ ድምፅ ይሰጣል ይባላል። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ ተሰምቶኝ አያውቅም። ቢሆንም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አዘንብዬ፣ ግንባሬን ቋጥሬ ሰምቻለሁ።

ትርንጎ የመጣችው ከድንጋይ ፈላጮች መንደር ነው። እዚያ ሰው ይሰበራል። ድንጋይ ይንከባለላል፣ መሰላል ይከዳል፣ ገመድ ይበጠሳል። ፈቃድ ያለው ወጌሻ ግን መንደሩን ረግጦት አያውቅም፤ ፈቃድ ሳይኖረው አጥንት የነካ ደግሞ ሁለት እጁን ታስሮ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ የተሰበረው እንደተሰበረ ይገጥማል፤ አንዱ ክንዱ ይጎብጣል፣ አንዱ እግሩ ያጥራል። የትርንጎ ወንድም ከጭኑ ተሰብሮ በወደቀ ጊዜ የመንደሩ ሰው ዙሪያውን ከብቦ፣ እጁን ኪሱ ከቶ አለቀሰ። በአሥረኛው ቀን ሞተ። ከቀብር መልስ ትርንጎ ልብሷን ጠቅልላ ወጌሻነት ልትማር ወደ ከተማ ወረደች፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ሦስት ዓመት ተማረች። ሠላሳ ስድስት ኮርስ ጨረሰች፣ ሠላሳ ስድስት ክሬዲት ተመዘገበላት። የቀራት አራተኛው ዓመት ነው፤ አራተኛውን ዓመት ግን የእኛ ዩኒቨርሲቲ ዘግቶታል። የጨረሰ ተማሪ መሄዱ አይቀርም፣ የሄደ ደግሞ ይዞ ሊሄድ ይችላል ተብሎ ነው የተዘጋው። ከተዘጋ ወዲህ አንድም ተማሪ አልተመረቀም፣ አንድም ዕውቀት አልጠፋም፤ በየዓመቱ በዓል ላይ ይህ በኩራት ይነበብ ነበር።

አራተኛ ዓመት ያለው ወንዙን ተሻግሮ፣ በላይኛው ዩኒቨርሲቲ ነው። ክሬዲቶቿን ከተቀበሉላት አንድ ዓመት ተምራ ፈቃድ ይዛ መንደሯ ትገባለች። ካልተቀበሉላት ከአንደኛ ዓመት መጀመር አለባት። እዚህ ላይ ሌላ ደንብ አለ፦ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው አንደኛ ዓመት አይገባም፤ እስካሁን የት ነበር ተብሎ ይጠረጠራላ። ትርንጎ ክረምቱ ሲወጣ ሠላሳ ይሞላታል። ነገሩ የተጀመረው ገና በበጋ ነው።

የላይኞቹ ሁለት ወረቀት ጠየቋት፤ የክሬዲቶቿን ዝርዝርና ከእኛ የተሰጠ ክሊራንስ። ክሊራንስ የሚሰጠው አንደኛ ጠርጣሪው አቶ ቸኮል ነው፤ ክሊራንስ ለማግኘት ደግሞ የመርሳት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ስድሳ ጥያቄ አለው፤ እውነት ወይም ሐሰት ተብሎ ይመለሳል። የሚያውቅ ይወድቃል፣ የማያውቅ ያልፋል። እኔ በር ላይ ስለነበርኩ ሁሉን በጆሮዬ እሰማለሁ።

ትርንጎ መጀመሪያ ቀን ስድሳውንም ሳተች። ፈገግ ብላ ቆመች፤ ያለፈች መስሏት።

«ስድሳውንም?» አላት አቶ ቸኮል በመስታወቱ ውስጥ።

«ስድሳውንም፣ ጌታዬ። አንድም የማስታውሰው የለም።»

«አየሽ ልጄ፣ ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢመልስ እንኳ ሠላሳ ያህሉን ያገኛል። ስድሳውንም የሳተ ስድሳውንም የሚያውቅ ነው። እንዲያውም በዚህ ግቢ አንቺን የሚያህል አዋቂ ያለ አይመስለኝም። ወድቀሻል።»

ሁለተኛው ጠርጣሪ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው ግድግዳውን አየ።

በወሩ ተመልሳ ቀረበች። አሁን ተዘጋጅታለች፤ ሠላሳውን አገኘች፣ ሠላሳውን ሳተች። አቶ ቸኮል ወረቀቱን ገለባብጦ አየና ሠላሳው ገቢ ተደርጓል፣ ሠላሳው ገና እጅሽ ላይ ነው አላት። ደግሞም ሌላ ነገር አይቷል።

«ከመመለስሽ በፊት ትንፋሽ ትስቢያለሽ» አላት። «የረሳ ሰው ምን ያስባል? የሚያስበው የሚመርጥ ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። በቃል ነው የምትጠየቂው፤ በሦስት መስታወት ፊት። ሳትቆሚ ትመልሻለሽ። ለምን ስትባዪም ምክንያቱን ትናገሪያለሽ። በልብሽ የማታምኚበት ስህተት አፍሽ ላይ ምክንያት አይኖረውም፤ ያኔ እናያለን። ሰኔ ሲገባ ነይ።»

ወጥታ ከዘበኛ ቤቴ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ጥፍሯን ስትበላ አየኋት። ከዚያ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ማንበብ ይችላሉ አይደል?» አለችኝ።

«ብችልስ?» አልኩ። ጥያቄ ሲቀርብልኝ ጥያቄ መመለስ ልማዴ ነው።

«በምሳ ሰዓት ደብተሮቼን ይዘው ይጠይቁኝ። እኔ ስህተት ስህተቱን እመልሳለሁ። ከአፌ ትክክል ካመለጠኝ በሽመልዎ መሬቱን መታ ያድርጉት።»

«ጓደኞችሽ የሉም?»

«ጓደኞቼ ሁሉ ጠርጣሪ አላቸው። ዘበኛን የሚጠረጥር ግን አልተመደበም። ደንቡን አንብቤዋለሁ።»

እውነቷን ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር አላስተዋልኩትም ነበር። ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ፤ አንድ ሰው እንኳ ሳይጠረጥረኝ ማርጀቴ ነው። እሺ አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርጣሪዎቹ ሳህን ሲለዋወጡ እኛ በዘበኛ ቤቴ ውስጥ እንቀመጣለን። ደብተሮቹ ሦስት ነበሩ፤ ለየዓመቱ አንድ። እኔ እጠይቃለሁ።

«የእጅ አንጓ ስንት አጥንት አለው?»

«ስምን…» ትላለች፤ ትክክሉ ስምንት ነውና በሽመሌ መሬቱን መታ አደርጋለሁ። «ዐሥራ አንድ!»

«ለምን ዐሥራ አንድ?»

«ለየጣቱ ሁለት ሁለት፤ አውራ ጣት ሥራ ስለሚበዛበት አንድ ይጨመርለታል።»

እንሳሳቃለን። «የተሰበረ ክንድ ሲታሰር ጣቶቹ ለምን ውጭ ይተዋሉ?» እላለሁ። ትክክለኛው መልስ ደም መድረሱን ለማየት ነው፤ ጣቶቹ ከጠቆሩ እስሩ ጠብቋል ማለት ነው። እሷ ግን «ባለቤቱ ሲሰለቸው እንዲቆጥራቸው» ትላለች። «ትከሻው የወለቀ ሰው ምን ይደረግለታል?» እላለሁ። ክርኑን አጥፎ፣ ክንዱን ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ማዞር፣ ጉልበት አለመጠቀም ነው ደብተሩ የሚለው። እሷ «ወለምታ ነው ተብሎ በቅቤ ይታሻል፣ ከዚያ በድንገት ይጎተታል» ትላለች፤ ለምን ስላት «ያልጠበቀ አጥንት ስለማይከራከር» ብላ ትመልሳለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሽመሌን በጊዜው ለመምታት ትክክሉን ማወቅ አለብኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ የዕለቱን ገጽ አነብ ጀመር። መጀመሪያ ለእሷ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ገጹን ካነበብኩ በኋላ የሚቀጥለውንም አንብቤ እገኝ ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመት የተሸከመኝን አጥንት ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። ጣፈጠኝ። የወጪውን ሰው ራስ በሽመል ስነካ ድምፁን ትቼ ከሥሩ ያሉትን አጥንቶች መቁጠር ጀመርኩ። ለትርንጎ አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት ስጠየቅ የምሰጠው መልስ አላዘጋጀሁም ነበር፤ የሚጠይቀኝ ስላልነበረ።

እሷ ግን መሳቅ ተወች። መልሶቿ ፈጠኑ፣ ምክንያቶቿ ጥሩ ሆኑ። አንዱ ስህተት ሌላውን ይደግፋል፤ ዐሥራ አንዱ የአንጓ አጥንት ከክንዱ አሥራር ጋር፣ የክንዱ አሥራር ከትከሻው መጎተት ጋር ተያይዞ ሌላ ሙሉ የወጌሻ ትምህርት ሆነ፤ በእሱ የሚታከም ሰው በሕይወት አይተርፍም እንጂ ጉድለት አልነበረበትም። አንድ ቀን ሽመሌን አስቀምጬ፣ ከጨዋታው ውጭ ሆኜ፣ «ጉልበቴን ዛሬ ሳጥፈው ቋ አለብኝ፤ ምን ይሆን?» አልኳት።

«ጅማቱ ደርቆ ነው፤ በጠጠር ይመታ» አለች። ከዚያ እጆቿን አየቻቸው። «ጋሼ፣ አሁን ያልኩት ትክክል ነው ስህተት?»

«ስህተት ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ፤ እርግጠኛም ነበርኩ። ሆዴ ውስጥ አንድ ደስታ ብልጭ ሲል ተሰማኝ፤ ወዲያው አፈርኩበት። እሷ ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

«ደብተሮቹ ስላሉ ግድ የለም» አለች ለራሷ። «ወረቀቱን ከያዝኩ በኋላ ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ አነባቸዋለሁ፤ ይመለሳል። ለላይኞቹ ሲያስረክቡኝ ይዘውልኝ ይሻገራሉ፣ እሺ ጋሼ? እኔን ይፈትሹኛል፣ እርስዎን የሚፈትሽ የለም።»

እሺ አልኳት።

ሰኔ ገባ። ሦስቱ መስታወት ተሰለፉ። ትርንጎ ስድሳውን ጥያቄ ሳትተነፍስ መለሰች፤ ጥቂቱን አገኘች፣ አብዛኛውን ሳተች፣ ለሁሉም ምክንያት ሰጠች። እኔ በር ላይ ሆኜ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ትክክሉን እመልስ ነበር። አቶ ቸኮል በመጨረሻ ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊት አያት፤ በሹመት ዘመኑ እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አሁን ረስተሻል» አላት፤ ድምፁ ውስጥ አባታዊ ነገር ነበረበት። ክሊራንሱ ላይ «ይህች ሴት ከዩኒቨርሲቲያችን አንዳችም ነገር ይዛ አልወጣችም» ተብሎ ማኅተም ተመታበት። ሌላው ወረቀት ላይ «ሠላሳ ስድስት ክሬዲት አጠናቃለች» የሚል ነበር። ያው ማኅተም በሁለቱም ላይ አለ።

ተሸጋሪ ተማሪን የበር ዘበኛ እጅ በእጅ ማስረከብ አለበት፤ በመንገድ ላይ ዕውቀት እንዳያነሳ ነው። ሣጥኗን ተሸክሜ ወደ ታንኳው ወረድን። ሦስቱ ደብተሮች ከካፖርቴ ሥር፣ ከጎኔ ጋር ተጣብቀው ነበር። ታንኳው መሐል ውሃ ሲደርስ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይዘዋቸዋል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እዚህ ላይ ሳልሸፋፍን ልናገር። ሙሉ ሌሊት አስቤበታለሁ የምል ከሆነ እዋሻለሁ። ምንም አላሰብኩም። አፌ ብቻውን ተናገረ።

«አቃጠልኳቸው» አልኩ። «በሩ ላይ ፍተሻ ይኖራል ብለው አስወሩ፤ ፈራሁ።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ትጠረጥረኝ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አነበብኩት፤ ምንም አላገኘሁበትም። ውሃውን ማየት ጀመረች። ደብተሮቹ ጎኔን አቃጠሉኝ፤ ቢሆንም አላወጣኋቸውም። የእኔ ሆነዋል የሚል ነገር በውስጤ አድጎ ነበር፤ መቼ እንዳደገ አላውቅም።

በላይኛው ዩኒቨርሲቲ ጠርጣሪዎች መስታወት የላቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚጠረጥሩት፤ ዓይን ያታልላል፣ ጆሮ አያታልልም ይላሉ። የመጤ ክሬዲት ሹሟ ወይዘሮ አጸደ ግን ወረቀት ማንበብ ስላለባቸው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ነው የሚሠሩት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጓቸው።

«ይህኛው ሠላሳ ስድስት ይዛለች ይላል፤ ይህኛው ባዶ እጇን ናት ይላል። አንዱ ዋሽቷል» አሉ።

«ሁለቱም እውነት ነው፣ ወይዘሮ አጸደ» አለች ትርንጎ። «የመርሳት ፈተናውን ያለፍኩት ክሊራንስ ለማግኘት ነው እንጂ አልረሳሁም።»

«ታዲያ አታለልሻቸው?»

«አላታለልኳቸውም።»

«ታዲያ ረስተሻል?»

ትርንጎ ሁለቱን ወረቀቶች ተራ በተራ አየቻቸው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። ወረቀቶቹን ገፋ አድርገው፣ «እኔ ወረቀት አላምንም፤ አጥንት አምናለሁ» አሉና አንድ በቅሎ ነጂ አስገቡ። ጠዋት በቅሎው ጥሎት ትከሻው ወልቋል። ክንዱ ከጎኑ ተንጠልጥሏል፤ ፊቱን ላብ አጥቦታል። «ምን ሆኗል? ምንስ ይደረግለታል? ተናገሪ።»

ትርንጎ ቀረበች። እጇ ሳይጠየቅ ተነሥቶ የሰውዬው ትከሻ ላይ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ አረፈ። ከዚያ አፏ ተከፈተ፤ ሳትተነፍስ፣ ሳታመነታ ተናገረች።

«ወለምታ ነው። በቅቤ ይታሻል፤ ከዚያ በድንገት ይጎተታል። ያልጠበቀ አጥንት አይከራከርም።»

ራሷን ስትሰማ አየኋት። እጇን ከትከሻው ላይ አነሣችው። ወይዘሮ አጸደ በረጅሙ ተነፈሱና፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ በርኅራኄ ነው ያሉት። ብዕራቸውን አነሡ።

ያን ጊዜ ነው እኔ ከአግዳሚው ላይ የተነሣሁት። «ውልቃት ነው እንጂ ወለምታ አይደለም!» አልኩ። «ክርኑ ይታጠፍ፤ ክንዱ ቀስ ተብሎ ወደ ውጭ ይዙር፤ ጉልበት አያስፈልገውም፤ በራሱ መንገድ ይመለሳል።»

ለምን ተናገርኩ? በቅሎ ነጂው አሳዝኖኝ ይሆናል። ትርንጎን ላድናት ፈልጌ ይሆናል። ማወቄን ሰው እንዲያውቅልኝ ፈልጌም ይሆናል። ራሴን ለዓመታት ስጠረጥር ኖሬአለሁ፤ እስካሁን ውሳኔ ላይ አልደረስኩም።

ወይዘሮ አጸደ ሁለተኛውን ዓይናቸውን ገለጡ። «አንተ ማን ነህ?»

«ዘበኛ ነኝ።»

«የእጅ አንጓ ስንት አጥንት አለው?»

«ስምንት።»

ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከመጀመሪያው ደብተር ጠየቁኝ፣ ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛው። ጠርጣሪዎቹ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ወደ እኔ አዘነበሉ። ሲጨርሱ ሴትዮዋ ተነሥተው ቆሙ።

«ደንቡ የሚለው ክሬዲቶቹ ይድረሱ ነው» አሉ። «ሠላሳ ስድስቱም ደርሰዋል። በማን ራስ ላይ ይድረሱ የሚል አንቀጽ የለም። የተገኙት በዚህ ሰው ዘንድ ነው፤ በዚህ ሰው ስም ይመዝገቡ። አራተኛ ዓመት የዕድሜ ገደብ የለውም።» ከዚያ ቅጹን አወጡ። «የመጨረሻው ጥያቄ፦ ይህን ዕውቀት ከማን ወሰድክ?»

ከእሷ ነው ብል የታችኛው ዩኒቨርሲቲ ንብረት አውጥታለች ተብላ ትታሰራለች፤ ክሬዲቶቹም ተመላሽ ይሆናሉ። ይህን ምክንያት ለራሴ ነገርኩት፤ ጥሩ ምክንያት ነበር። ትርንጎ አጠገቤ ቆማለች። ስነሣ ካፖርቴ ተከፍቶ ኖሯል፤ የደብተሮቹ ጠርዝ ወጥቶ ይታያል። አየችው። አፏን አልከፈተችም።

«ከማንም» አልኩ።

«ሳያመነታ ነው የመለሰው» አለ አንዱ ጠርጣሪ፤ ተቀባይነት አገኘ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመፈረም ጎንበስ አልኩ። ማኅተም ሲፈለግ፣ ስሜ ሲጻፍ፣ በቅሎ ነጂውን ሁሉም ረሳው። ትርንጎ ብቻ ወደ እሱ ሄደች። ፊት ለፊቱ በርከክ ብላ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው፤ ክርኑን ያዘች፣ አጠፈችው፣ ቀስ አድርጋ አዞረችው። አፏ ተዘግቶ ነበር። አንዲት ጠቅ የምትል ድምፅ ተሰማች። ሰውዬው ክንዱን አነሣው፣ መልሶ አወረደው፣ እንደገና አነሣው።

«ምንድን ነው ያ ድምፅ?» አሉ ጠርጣሪዎቹ አንድ ላይ።

በቅሎ ነጂው ትርንጎን አየ፤ ከዚያ የእኔን ቅጽ አየ። ሞኝ አልነበረም። «ትከሻዬ ነው። በራሱ ገባ» አለ።

አብረው ወጡ። ከመስኮቱ ሳያት በበቅሎው ላይ ሣጥኗን ሲጭንላት ነበር። ለመሰናበት ወደ ኋላ አልዞረችም። ክረምቱ ወጣ፣ ሠላሳ ሞላት፤ የአንደኛ ዓመት በር ተዘጋባት። እኔ አራተኛውን ዓመት ጨርሼ ፈቃዴን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ።

ስለ ሥራዬ ብዙ የምናገረው የለም። ሕመሙን አሳምሬ እናገራለሁ፤ አጥንቱን በስሙ እጠራለሁ፤ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። እጄ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የለመደው ሽመል ነው። የተሰበረው እንደተሰበረ አመስግኖኝ ይሄዳል። ያም ሆኖ ከፍ አደረጉኝ፤ የወጌሾች ተቆጣጣሪ ሆንኩ።

ወንዙን በተሻገርን በአራተኛው ዓመት አንድ ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ከድንጋይ ፈላጮች መንደር የሚመጣ ጎባጣ ክንድ ጠፍቷል፤ አጭር እግር ጠፍቷል። ድንጋዩ እንደ ቀድሞው ይንከባለላል፣ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሹማምንቱ ይህ ያጠራጥራል አሉ። እኔን ከአንድ ጠርጣሪ ጋር ላኩኝ።

መንደሩ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። አደባባዩ ላይ አንድ ድንጋይ ፈላጭ ክንዱ ታስሮ ተቀምጧል። አስተሳሰሩን አየሁት። ሸንበቆው በልክ ተቆርጧል፤ ጣቶቹ ውጭ ናቸው፣ ቀይ ናቸው። የሦስተኛው ደብተር አርባኛው ገጽ ነበር።

«ማን አሰረልህ?» አልኩት።

«በራሱ ታሰረ» አለኝ።

ሌላውን ጠየቅኩ። እግሩ በራሱ ገጥሟል። ሦስተኛዋን ጠየቅኩ፤ የክርኗ አጥንት ተኝታ ሳለ ተመልሷል። ጠርጣሪዬ ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዱን ቃል ይሰማል። ሕዝቡ ተሰብስቦ ከበበን፤ ዛሬ ግን እጁን ኪሱ የከተተ አልነበረም። ከሴቶቹ መካከል ትርንጎን አየኋት። ትንሽ ከስታለች። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ሳትሰብር አየችኝ። መፍራቷን አላየሁም፤ እኔን አለማመኗን ግን አየሁ፤ ተገቢ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ፊቴ ቆሙ።

«እኛን ሁሉ ጠየቁን፣ ጌታው» አሉ። «እርስዎስ ይህን ትልቅ ትምህርት ከማን ተማሩት?»

ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ቢሆን፣ በሰው ፊት ጮክ ብዬ ልጠራው ፈለግኩ፤ ማናቸውንም ነገር እንዲህ ፈልጌ አላውቅም። ከጎኔ ጠርጣሪው ጆሮውን አዘንብሏል። ስሟን ብጠራ እነዚያ እጆች ይታሰራሉ። በወይዘሮ አጸደ ፊት ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ያኔ ሰበብ ነበር፤ አሁን እውነት ሆኖ ፊቴ ቆመ።

«ከማንም» አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም። የእርስዎ ትምህርት ከማንም ካልመጣ፣ የእኛም አጥንት በራሱ ይገጥማል።»

ሪፖርቱን እንደዚያው ጻፍኩት።